ስለ ፈሊጥ ንግግር

ልጆች ሆይ፤ ሰው ቋንቋን የሚማረው በሁለት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ይማራል። ውሃ፥ እሳት፥ እጅ፥ ዐይን የሚባሉትን ለይቶ ያውቃል። ቀጥሎም ቃላት እርስ በርሳቸው ተሳስረው የሚሰጡትን ሌላ ትርጓሜ ይማራል። የመጀመሪያውን ሕፃን ሁሉ በቶሎ ያገኘዋል። ሁለተኛው ግን ከሰው ጋር መኖርን፥ ማዳመጥን፥ ያላወቁትንም መጠየቅን ይፈልጋል። ይህ ሁለተኛው ፈሊጥ ይባላል።

ፈሊጥ ማለት ቃላት ተጣምረው፥ እያንዳንዱ ለብቻው የማይሰጠውን ትርጓሜ ሲሰጡ ነው። አንዳንድ ጊዜም አንድ ቃል ብቻውን ከተለመደው ትርጓሜው ወጥቶ ሌላ ነገር ያመለክታል።

የባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ ልጆች ይህን ነገር በታንኳ ምሳሌ በቀላሉ ሊያስተውሉት ይችላሉ። ታንኳ የሚሠራው በባሕሩ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል ነው። አንድ የደንገል አገዳ ብቻውን ሕፃን ልጅ እንኳ አይሸከምም፤ በእጅ ሲጫኑት ይጐብጣል። ነገር ግን ነገደ ወይጦና ሌሎችም በዚህ ጥበብ የታወቁ የባሕሩ ሰዎች አገዳውን አድርቀው፥ አስተካክለው፥ ጠፍረው ሲያስሩት፥ ሰውንና እህልን፥ ዕንጨትንም ተሸክሞ ይሻገራል። ታንኳውን የሚፈታ ሰው በእጁ የሚቀርለት የደንገል ክምር ብቻ ነው፤ በክምርም ባሕር አይሻገሩበትም። ፈሊጥም እንዲሁ ነው። ቃሎቹ በአንድነት ታስረው ሳሉ ትርጓሜን ይሸከማሉ፤ አንድ በአንድ ሲፈቷቸው ግን ትርጓሜው ይጠፋል።

በግእዝ «ፈለጠ» ማለት «ለየ» ማለት ነው። ፈሊጥን የሚሰማ ሰውም የሚለይ አእምሮ ያስፈልገዋል፤ ቃሉ በቁሙ የተነገረበትን ጊዜና በፈሊጥ የተነገረበትን ጊዜ መለየት አለበትና።

አሁን ምሳሌዎችን እንመልከት።

«እጅ ነሣ» ይባላል። «ነሣ» የሚለው ቃል ለብቻው ሲነገር ከለከለ ማለት ነው። ይሁን እንጂ «ልጁ ለመምህሩ እጅ ነሣ» ቢባል፥ ልጁ ለመምህሩ ምንም አልከለከለም፤ ዝቅ ብሎ በአክብሮት ሰላምታ ሰጠ ማለት ነው። «እጅ ሰጠ» ቢባል ደግሞ በጦርነት ተሸንፎ ተማረከ ማለት ነው። በሁለቱም ውስጥ እጅ አለ፤ ትርጓሜያቸው ግን እጅግ የተራራቀ ነው።

«ሆደ ሰፊ» የተባለ ሰው ብዙ እንጀራ የሚበላ አይደለም። ክፉ ነገር ሰምቶ የሚታገሥ፥ ቶሎ የማይቈጣ ሰው ነው። «ሆደ ባሻ» የተባለው ግን በትንሽ ነገር ቶሎ የሚያዝንና የሚከፋው ነው።

«ዐይን አውጣ» የሚባለው ኀፍረት የሌለው ሰው ነው። «ዐይን አፋር» የሚባለው ደግሞ በሰው ፊት ለመናገር የሚፈራ ነው።

«ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» ይባላል። ዳባ ከቁርበት የሚሠራ ልብስ ነው። ጆሮ ልብስ አይለብስም፤ ነገሩ ሰውዬው ምክር ሲነግሩት እንዳልሰማ ሆነ ማለት ነው። እናቱ ስትጠራው እየሰማ ጨዋታውን የሚቀጥል ልጅ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ነው።

ፈሊጥ በሰው አካል ስም ብቻ አይነገርም። በባሕር ዳር ዙሪያ ብዙ የውሃ ፈሊጥ ይሰማል። አንድ ሰው በዋና ወይም በታንኳ ሄዶ ሰጥሞ ሲቀር «ውሃ በላው» ይባላል። ውሃ አፍና ጥርስ የለውም፤ ነገር ግን ያዘነ ሰው ኀዘኑን ሲገልጽ ውሃውን እንደ አውሬ አድርጎ ይናገራል። ሰነፍ ተማሪ ከትምህርት ለቀረበት ምክንያት ሲሰጥ «ይህ ውሃ የማይቋጥር ምክንያት ነው» ይሉታል፤ የማይረባ፥ የማይጸና ነው ማለት ነው። ፍሬ የሌለው ድካምም «ውሃ ወቀጣ» ይባላል። እህልን በሙቀጫ የወቀጠ ዱቄት ያገኛል፤ ውሃን የወቀጠ ግን እጁን ከማድከም በቀር ምንም አያገኝም።

ስለዚህም ሽማግሎች «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ይላሉ። በዚህ አነጋገር እምቦጭ የሚባለው ውሃው ሲወቀጥ የሚሰጠው ድምፅ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በጣና ላይ ተስፋፍቶ ዓሣ አጥማጁንና ገበሬውን ያስቸገረ፥ ሕዝቡም ውሃ ውስጥ እየገባ በእጁ የነቀለው አረም እምቦጭ ይባላል። ድምፁ ሌላ፥ አረሙ ሌላ ነው። ስለ አረሙ የሚነጋገሩ ሰዎችን የሰማ ልጅ ስለ ሙቀጫ የሚነገር ቢመስለው፥ ሽማግሌው ስለ ከንቱ ድካም ሲናገርም ስለ አረም የሚናገር ቢመስለው፥ ጆሮው ሰምቶ ልቡ አልሰማም ማለት ነው።

የቦታ ስም እንኳ አንዳንድ ጊዜ በምሳሌ ይወጣል። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዐባይ ከገደል የሚወርድበት ስፍራ «ጢስ ዐባይ» ይባላል። በዚያ ስፍራ የሚነድ ነገር የለም። ውሃው ከገደል ሲወድቅ የሚነሣው ርጭት ከሩቅ ጢስ ስለ መሰለ ነው። ዛሬ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫው ውሃውን ስለሚከፍለው በበጋ ጢሱ ይሳሳል፤ በክረምት ግን ስሙን ያወጡት ሰዎች ያዩትን የሚመስል ነገር ይታያል።

ፈሊጥና ምሳሌያዊ አነጋገር አንድ አይደሉም። ምሳሌያዊ አነጋገር ሙሉ ምክር የያዘ ቃል ነው። ፈሊጥ ግን በንግግር መካከል የሚገባ አጭር አባባል ነው። ከቅኔም ይለያል። በጎጃም የቅኔ ቤቶች ተማሪው ብዙ ዓመት የሚደክምበት ሰምና ወርቅ ባለ ቅኔው ራሱ አዲስ አድርጎ የሚፈጥረው ነው። ፈሊጥን ግን ማንም ብቻውን አይፈጥረውም፤ ከአባቶች የተወረሰ የሕዝብ ሁሉ ገንዘብ ነው።

ፈሊጥን አለማወቅ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ ያስረዳል።

በአገው ምድር ከዳንግላ አቅራቢያ የመጣ አንድ ልጅ በባሕር ዳር ትምህርት ቤት ይማር ነበር። የእናቱ ቋንቋ አገውኛ ነበር። አማርኛን ከመጽሐፍ ስለ ተማረ ንባቡ እጅግ የጠራ ነበር፤ በክፍሉም ከርሱ የሚቀድም አልነበረም። የሚኖረው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በሚገኝ በአንድ ዘመዱ ቤት ነው። በጎረቤቱም አንዲት ሽማግሌ እማሆይ ነበሩ። ልጁ ውሃ ይቀዳላቸው ነበር፤ እርሳቸውም ቈሎ ቈልተው ይሰጡት ነበር።

እማሆይ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚኖሩ አንድ መነኵሴ ወንድም ነበሯቸው። ዳጋ የዐፄ ፋሲልና የሌሎችም ነገሥታት ዐፅም የሚገኝበት ደሴት ነው። በገዳሙ ሥርዓት ሴቶች ወደዚያ አይገቡም፤ አባም በእርጅና ምክንያት ከደሴቲቱ መውጣት አልቻሉም ነበር። ስለዚህ እኅትና ወንድም ከተያዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ የሚገናኙትም በሚላክ ቃል ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከገዳሙ ደብዳቤ መጣ። የተጻፈው ለእማሆይ ንስሐ አባት ነበር። ደብዳቤውን ያመጣው ሰው ግን ቄሱን በቤታቸው ስላላገኛቸው «ያው የሚደርሰው ለርሳቸው ነው» ብሎ ለእማሆይ ሰጣቸውና ሄደ። እማሆይ ማንበብ አይችሉም ነበር። እንዝርታቸውን ይዘው ጥጥ እየፈተሉ ሳሉ ልጁን ጠሩት።

«ና ልጄ፤ ከአባ ዘንድ የመጣ ነው። ምን እንደሚል እስቲ እየውና ንገረኝ» አሉት።

ልጁም ደብዳቤውን በዝምታ አነበበው። ቃሉም አባ ለብዙ ጊዜ ሲደክሙ ቈይተው እሑድ ሌሊት በሰላም ዐረፉ፥ እኅታቸውንም አደራ የሚል ነበር። ልጁ ከነዚህ ቃላት አንድም የማያውቀው አልነበረም። መድከም ማለት ኃይል ማጣት መሆኑን ያውቃል። ማረፍ ማለት ከድካም በኋላ መቀመጥ፥ መተኛት መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ፊቱ በደስታ በራ።

«ደስ ይበልዎ እማሆይ! አባ ብዙ ደክሟቸው ነበር፤ አሁን ግን እሑድ ሌሊት በሰላም ዐርፈዋል» አላቸው እየሣቀ።

እንዝርቱ ከእማሆይ እጅ ወደቀ።

«ዐረፉ ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁት።

«አዎን እማሆይ፤ በሰላም ዐረፉ ይላል» አላቸው።

በዚያን ጊዜ እማሆይ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። ጎረቤቶችም ጩኸቱን ሰምተው ተሰበሰቡ። መነኵሴ፥ ካህን ወይም የተከበረ ሰው ሲሞት ሞተ አይባልም፤ ዐረፈ ይባላል። ልጁ ሳያውቅ የነገራቸው መርዶ ነበር። መርዶ ደግሞ በአገሩ ልማድ ሽማግሎችና ጎረቤቶች ማልደው ተሰብስበው፥ ባለ ኀዘኑን አስቀምጠው፥ በዝግታ የሚያረዱት ነው። ከተሰበሰቡትም አንዷ ልጁን «መርዶ በሣቅ ይነገራልን?» ብላ ተቈጣችው። ልጁ ምን እንዳጠፋ አላወቀም። እማሆይን እንዳሳዘናቸው ብቻ አየ። ሮጦም ወደ ባሕሩ ዳር ሄደና በደንገሉ መካከል ተደብቆ አለቀሰ።

ወደ ማታ ንስሐ አባታቸው ከመንገድ ተመልሰው ነገሩን ሰሙ። ልጁንም ፈልገው አገኙትና «ዐረፈ የሚለው ቃል ሁለት ትርጓሜ አለው። አንዱን ከመጽሐፍ ተምረሃል፤ ሁለተኛውን ዛሬ ከሰው ተማርህ» ብለው አስረዱት። እጁን ይዘውም ወደ እማሆይ ቤት ወሰዱት። ልጁም በደጃፉ ቆሞ እጅ ነሣ፤ ለመግባት ግን ፈራ።

እማሆይም አዩትና «ግባ ልጄ» አሉት። ለተቀመጡትም ሰዎች «ይህን ልጅ አትቈጡብኝ። የማያውቀውን ቃል ነው የነገረኝ፤ ደግሞም ሐሰት አልተናገረም። አባ ብዙ ደክመው ነበር፤ አሁን በእውነት ዐርፈዋል» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ አንድ ደብተር ያዘ። በቁሙ ሲተረጐም የማይስማማ አነጋገር በሰማ ቍጥር ይጽፈዋል፤ ትርጓሜውንም ከሽማግሎች ጠይቆ ከጎኑ ያኖራል። የሰው ደብዳቤ እንዲያነብ በተጠራ ጊዜም ያልገባው ቃል ሲያገኝ «ይህን ጠይቄ ልምጣ» ለማለት አላፈረም። የሰፈሩም ሰዎች ስለዚህ ነገር የበለጠ አመኑት።

ልጆች ሆይ፤ በዚህ ልጅ የሚሥቅ ሰው አይኑር። አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው ወደ አገው ምድር ወርዶ አገውኛ ቢማር፥ እርሱም እንዲሁ በአንድ ቃል ይሰናከላል። በዓለም ያለ ቋንቋ ሁሉ የራሱ ፈሊጥ አለው። እንግሊዞች ብርቱ ዝናብ ሲዘንብ «ድመትና ውሻ ይዘንባል» ይላሉ። ይህን ቃል በቃል የሰማ ያገራችን ሰው ከሰማይ እንስሳ የወረደ ይመስለዋል። እነርሱም በበኩላቸው «ጆሮ ዳባ ልበስ» የሚለውን ቃል በቃል ቢሰሙ ጆሮን ማን ልብስ አለበሰው ብለው ይደነቃሉ።

ስለዚህ መጽሐፍን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚመልስ ሰው ሥራው ከባድ ነው። የጎጃም ተወላጅ የሆነው አባ አብርሃም፥ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ አቡ ሩሚ የተባለው፥ በካይሮ ከፈረንሳዩ ቆንስል ከአስሊን ዴ ሸርቪል ጋር ዐሥር ዓመት ያህል እየሠራ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሰ። ሥራው ከተፈጸመ ከሃያ ዓመት በላይ ቈይቶ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1840፥ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ታተመ። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ መላሹ ቃልን ብቻ ሳይሆን ፈሊጥን ይመዝናል። አንዳንዱ የባዕድ ፈሊጥ በአማርኛ ሌላ ቃል ይፈለግለታል። አንዳንዱ ግን እንዳለ ገብቶ የአገሩ ይሆናል። ምክር የማይሰማ ሕዝብ በኦሪት ዘፀአት «አንገተ ደንዳና» ተብሏል፤ ይህ የዕብራውያን ፈሊጥ ነበር፤ ዛሬ ግን በአማርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በኋላ ዘመንም ሊቃውንት ፈሊጥን ሰብስበው በመጽሐፍ አኑረዋል። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ በ1979 ዓ.ም. «የአማርኛ ፈሊጦች» የሚባል መጽሐፍ አሳትመዋል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከሽማግሌ ርቆ ለሚማር ሰው ትልቅ ረዳት ነው።

እንግዲህ ፈሊጥን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ በሚገባው ስፍራ መጠቀምም ያስፈልጋል። ስለዚህ ሦስት ነገር ይጠበቅ።

አንደኛው፥ ያላወቁትን ፈሊጥ አለመናገር ነው። ቃሉ ስላማረ ብቻ ትርጓሜውን ሳያውቅ የሚናገር ሰው፥ ያልተፈተነ ታንኳ ላይ ሰው ጭኖ እንደሚገፋ ነው። መጠየቅ ለአፍታ ያሳፍራል፤ ሳያውቁ መናገር ግን ሌላውን ሰው ያቈስላል።

ሁለተኛው፥ ሰውንና ጊዜን መለየት ነው። ከእኩያ ጋር የሚነገር ፈሊጥ ለሽማግሌ አይነገርም። በጨዋታ የሚያስቅ ቃል በለቅሶ ቤት ያሳዝናል። «ውሃ በላው» የሚለው ስለ ጠፋ በሬ ሲነገር ሰው ይሰማዋል፤ ልጇ በጣና የሰጠመባት እናት ባለችበት ግን አስተዋይ ሰው እንዲህ አይልም።

ሦስተኛው፥ በፈሊጥ ክፋትን አለመሸፈን ነው። በቀድሞ ጊዜ ሰው ወደ ጌታው ሲሄድ በአክብሮት የሚያቀርበው ስጦታ «እጅ መንሻ» ይባል ነበር፤ ስሙም ከላይ ከተነገረው «እጅ ነሣ» የመጣ ነው። ኋላ ግን ፍርድ ለማጣመም የሚሰጥን ጉቦ አንዳንድ ሰዎች በዚህ በመልካም ስም ጠሩት። ስሙ ቢለወጥ ነገሩ አይለወጥም። ጉቦ እጅ መንሻ ቢባል ድኻው ፍርድ ማጣቱ አይቀርም። እንዲሁም ባልንጀራውን በፊቱ እያመሰገነ በልቡ የሚያደባበት ሰው «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» ይባላል። ቅቤ የተቀባ ንግግር ከጩቤው አያድንም።

አንድ ፈሊጥ ሞትን «ዕረፍት» ብሎ ያዘነውን ሰው ያጽናናል። ሌላ ፈሊጥ ጉቦን «እጅ መንሻ» ብሎ በዳይን ይደብቃል። ሁለቱም ነገርን በሌላ ስም ይሸፍናሉ። ልዩነታቸው የሚሸፈንለት ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ለተጐዳው ሲራራ ሁለተኛው ለጐጂው ያደላል። ስለዚህ ልጆች ሆይ፤ በፈሊጥ ከመናገራችሁ በፊት ይህ ቃል የሚጠቅመው ማንን ነው ብላችሁ ልባችሁን ጠይቁ። ለሰው ክብርና ለእውነት የሚያገለግል ከሆነ ተናገሩት። ካልሆነ ግን ነገሩን በቁሙ መናገር፥ ወይም ዝም ማለት ይሻላል።

ጥያቄ።

1. ፈሊጥ ማለት ምን ማለት ነው? የታንኳውስ ምሳሌ ምን ያስረዳል?
2. «ሆደ ሰፊ»፥ «ሆደ ባሻ»፥ «ዐይን አውጣ» የሚባሉት ምን ዐይነት ሰዎች ናቸው?
3. ጢስ ዐባይ ስሙን ያገኘው ስለ ምንድር ነው?
4. ልጁ ቃላቱን ሁሉ እያወቀ የደብዳቤው ነገር ለምን አልገባውም?
5. እማሆይ «ሐሰት አልተናገረም» ያሉት ስለ ምንድር ነው?
6. ጉቦን እጅ መንሻ ብሎ መጥራት የሚጐዳው ማንን ነው?
7. በቤታችሁ ከሚነገሩት ፈሊጦች ሦስቱን ከነትርጓሜያቸው በደብተራችሁ ጻፉ።